ያውቁ ኖሯል? ሕዋስ የቆመበትን ይመረምራል

የተጎዳ የልብ ጡንቻን፣ የተደፈነ የደም ሥርን ወይም የተበላሸ የልብ ቫልቭን በሕያው አካል ለመተካት የሚደክሙ ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ሕዋሳት የሚሰፍሩበትን መደገፊያ በማዘጋጀት ነው። ስካፎልድ ይሉታል። ሕንፃ ሲሠራ በባሕር ዛፍ አጣና ዙሪያውን የሚታሰረውን መወጣጫ ያስቡ፤ ግድግዳው እስኪቆም ይሸከማል፣ ከዚያ ይፈርሳል። እዚህ ግን ሠራተኞቹ ሕዋሳት ናቸው፤ የቆሙበትን እየጎተቱና እየፈተሹ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። የቁሱ ምርጫ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? የልብ ጡንቻ ሕዋስ ራሱን የሚተካው እጅግ በዝግታ ነው። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም ዮናስ ፍሪሴንና ባልደረቦቹ በ2009 ይህን ያረጋገጡት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በከባቢ አየር የበተኑት ካርቦን 14 በሰዎች የልብ ሕዋስ ውስጥ ምን ያህል እንደተገኘ በመለካት ነው። በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት ከመቶ አንዱ ያህል ይታደሳል፤ በ75 ዓመት ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። የልብ ደም ሥር ተደፍኖ የሚደርስ አንድ ከባድ ጥቃት ደግሞ አንድ ቢሊዮን ገደማ የጡንቻ ሕዋሳትን ሊገድል ይችላል። በቦታቸው የሚተካው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ አይኮማተርም።

ማንኛውም ባዕድ ቁስ ደም ውስጥ በገባ በሰከንዶች ውስጥ በፕሮቲን እንደሚለበስ ያውቁ ኖሯል? ስለዚህ ሕዋስ ደርሶ የሚነካው ቁሱን ራሱን ሳይሆን የፕሮቲን ልባሱን ነው። ቀድመው የሚደርሱት በደም ውስጥ የበዙትና ፈጣኖቹ ናቸው፤ ቆየት ብለው ግን ከቁሱ ጋር ይበልጥ የሚጣበቁት መጥተው ያስለቅቋቸዋል። ይህን መፈራረቅ የገለጸው ሊዮ ቭሮማን ስለሆነ ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቭሮማን በ1915 ኔዘርላንድስ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የደም ተመራማሪ ነበር። በትውልድ አገሩ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በግጥሞቹ ነው።

ሕዋስ ቁስን የሚጨብጠው ኢንተግሪን በሚባሉ፣ በሽፋኑ ላይ በሚገኙ ፕሮቲኖች ነው። ለዚህ ጭብጥ ሦስት ተከታታይ አሚኖ አሲዶች ብቻ በቂ እንደሆኑ ያውቁ ኖሯል? አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ። ይህን በ1984 ያሳዩት ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠሩት ማይክል ፒርሽባከርና ኤርኪ ሩኦስላህቲ ናቸው። ሩኦስላህቲ በኢንተግሪን ምርምር በ2022 የላስከርን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተካፍሏል። ሕዋስ እሺ ብሎ የማያርፍበት ልሙጥ ፖሊመር ይህ ሦስትዮሽ ሲለጠፍበት ሕዋሳት ይይዙታል፣ ይዘረጉበታል።

ችግሩ ሦስትዮሹ የማይመርጥ መሆኑ ነው፤ የሚፈለገውንም የማይፈለገውንም ሕዋስ ይጠራል። በደም ሥር የውስጥ ገጽ ላይ እንዲሰፍር የሚፈለገው ኢንዶቴልየም የሚባለው ስስ ልባስ ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚጠብቀው እሱ ነውና። ጄፍሪ ሃበልና ባልደረቦቹ በ1991 አራት አሚኖ አሲዶች ያሉት ሌላ ሰንሰለት ሞከሩ፦ አርጂኒን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ ቫሊን። የኢንዶቴልየም ሕዋሳት ያዙት፤ ለስላሳ የጡንቻ ሕዋሳት፣ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ጠባሳ ሠሪ ሕዋሳትና ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ግን አልተጠጉትም።

ያውቁ ኖሯል? ሕዋስ ልስልሱን ከግትሩ ይለያል። እግሮቹን ዘርግቶ የቆመበትን ይጎትታል፤ ቁሱ ምን ያህል እንደታዘዘለት ይለካል፤ ውጤቱም እስከ ኒውክሊየሱ ይዘልቃል። የጣሊያኗ ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ያፕና ታዝ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች በዚህ መልእክት ማስተላለፍ ውስጥ ዋና ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል።

በ2006 አዳም ኢንግለርና ዴኒስ ዲሸር ከመቅኒ የተገኙ፣ ወደ ሌሎች የሕዋስ ዓይነቶች ሊለወጡ የሚችሉ አንድ ዓይነት ግንደ ሕዋሳትን ግትርነታቸው በተለያየ ጄሎች ላይ አሳረፉ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ጄል ላይ ያረፉት የነርቭ ሕዋስ መልክ ያዙ። ከ8 እስከ 17 ኪሎፓስካል ግትርነት ባለው ላይ ያረፉት ወደ ጡንቻ፣ ከ25 እስከ 40 ባለው ላይ ያረፉት ወደ አጥንት አዘነበሉ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ጥያቄው ወደ ልብ ተሻገረ። ከወፍ ሽል የተወሰዱ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት የጤነኛ ልብን ግትርነት በያዘ፣ ወደ 10 ኪሎፓስካል በሚጠጋ ጄል ላይ ሲቀመጡ እየተኮማተሩ ቆዩ። የጠባሳን ያህል በገተረ ጄል ላይ የተቀመጡት ግን ከአቅማቸው በላይ እየጎተቱ ቆይተው የውስጥ የጡንቻ ክሮቻቸው ሥርዓት ተዛባ፤ መምታታቸውንም አቆሙ። በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ሙከራዎች ሁሉ ትልቁን ነገር በትንሹ መሣሪያ ያሳየ ይህ ይመስለኛል። በልብ ጡንቻ ላይ የሚቀር ጠባሳ የሞቱትን ሕዋሳት ቦታ መያዙ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ አጠገቡ በሕይወት የተረፉትንም ሥራቸውን ሊያስተጓጉል ይችላል ማለት ነው። ለልብ የሚሠራ መደገፊያም ጠንካራ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ሕዋሱ ሲስበው እሺ ማለት አለበት።

በነገራችን ላይ ሕዋስ በየላቦራቶሪው የሚያድግበት ጠንካራ ፕላስቲክ ሳህን ከልብ ጡንቻ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የገተረ ነው።

እንዲህ ባለ ግትር ቁስ ላይ መቆየት በሕዋስ ላይ አሻራ እንደሚተው ያውቁ ኖሯል? በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የክሪስቲ አንሴት ቡድን በ2014 እንዳሳየው በገተረ ቁስ ላይ ረጅም ጊዜ የቆዩ ግንደ ሕዋሳት ወደ ልስልስ ጄል ሲዛወሩም የቀድሞውን ጠባይ ይዘው ይቀራሉ። ቆይታው አጭር ከሆነ ግን ይመለሳሉ።

ይኸው ቡድን ብርሃን ሲያርፍበት የሚለሰልስ ጄልም ሠርቷል። ከልብ ቫልቭ የተወሰዱ ሕዋሳት ግትርነቱ 32 ኪሎፓስካል በሆነው ጄል ላይ ሳሉ ጠባሳ የሚያበጀውን፣ የተቆጣ ሕዋስ መልክ ይይዛሉ። ብርሃን ተለቅቆበት ጄሉ ከሥራቸው ወደ 7 ኪሎፓስካል ሲወርድ ተመልሰው ይረጋጋሉ። መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተለወጠው የቆሙበት ብቻ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ግን ከመቶ ዓመት በፊት የሸረሪት ድርን የተጠቀመው ሕዋስን ለመምራት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በ1914 ባሳተመው ጥናቱ ከሽል የተወሰዱ ሕዋሳት የድሩን ክር ተከትለው እንደሚጓዙና እንደሚረዝሙ አስፍሯል። ዛሬ በኤሌክትሪክ ኃይል ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ የፖሊመር ክሮችን እየፈተሉ ለልብ ጡንቻ መደገፊያ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች የሚመኩት በዚያው እውነት ነው፦ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተደረደረ ሕዋሱም በዚያው ይሰለፋል፣ ኅብረቱም በአንድ አቅጣጫ ይኮማተራል።

የልብ ጡንቻ ክሮች አቅጣጫ ግን አንድ አይደለም። ከግድግዳው የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ ሲኬድ ቀስ በቀስ እየዞረ ይሄዳል፤ ልብ ሲኮማተር የሚጠማዘዘውም በዚህ የተነሣ ነው። በሃርቫርድ የኪት ፓርከር ቡድን በ2022 ጠመዝማዛ ክሮች ያሉት ሰው ሠራሽ የልብ ክፍል ሠርቶ ክሮቹ ዙሪያውን ቀለበት ሠርተው ከተደረደሩበት ጋር አወዳደረ። ጠመዝማዛው ይበልጥ ገፋ።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ። ሰው ሠራሽ የደም ሥር የተወለደው አንድ የስፌት ክር በስሕተት ከተሰፋበት ቦታ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ወጣቱ አርተር ቮርሂስ በ1947 በውሻ ልብ ላይ ሲለማመድ አንድ የሐር ክር ቦታውን ስቶ የልቡን ክፍል አቋርጦ ቀረ። ከወራት በኋላ ልቡ ሲከፈት ክሩ የልብን የውስጥ ገጽ በሚመስል፣ በሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ተለብሶ ተገኘ። ቮርሂስ ወዲያው ጠየቀ፦ ክር እንዲህ ከተለበሰ፣ ከጨርቅ የተሰፋ ቱቦስ? በ1952 ቪንየን ኤን ከተባለ ጨርቅ የሰፋቸውን ቱቦዎች በውሾች ላይ ተክሎ ውጤቱን ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ።

የሂዩስተኑ ሐኪም ማይክል ደቤኪ ደግሞ ናይሎን ፍለጋ ወደ አንድ መደብር ሄዶ ሲያጣ በምትኩ ዳክሮን የተባለ ጨርቅ ገዛ፤ ቤቱ ገብቶ በስፌት መኪና ራሱ ሰፋው። ስፌት ያስተማረችው እናቱ ናት። ዳክሮን እስከ ዛሬ ለትልልቅ የደም ሥሮች ያገለግላል።

ትልልቅ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስፋታቸው ከ6 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ሰው ሠራሽ የደም ሥሮች ቶሎ ይደፈናሉ። የልብ ደም ሥሮች ደግሞ ከዚህ ይጠባሉ። ሐኪሞች ለልብ ማለፊያ ቀዶ ሕክምና ዛሬም ከሕመምተኛው ከራሱ እግር ወይም ደረት የደም ሥር የሚወስዱት ለዚህ ነው።

የሰው ሕዋስ እንደ ውሻ ሕዋስ እንደማይራመድ ያውቁ ኖሯል? ከተወጠረ ቴፍሎን የተሠራ ቱቦ በብዙ እንስሳት ላይ ሲተከል የኢንዶቴልየም ሕዋሳት ብዙ ርቀት ይሸፍኑታል። በሰው ግን ከተሰፋበት ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ገብተው ይቆማሉ፤ ዓመታት ቢያልፉም መሐሉ ራቁቱን ይቀራል። በእንስሳት ላይ ያማረ ስንት ውጤት ሰው ላይ ሲደርስ የከሸፈው በዚህ ሳቢያ ነው።

መፍትሔ የፈለጉት ሕዋሱን አስቀድመው በቱቦው ላይ ዘሩበት። ኋላ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፒተር ዚላና የቪየና ባልደረቦቻቸው ከ1989 ጀምሮ ከሕመምተኛው ትንሽ የደም ሥር ወስደው የውስጥ ሕዋሳቱን በማራባት የቴፍሎኑን ቱቦ አለበሱት፤ ከዚያ ለእግር ደም ሥር ተከሉት። እነዚህ ቱቦዎች ካልተለበሱት ይልቅ ለብዙ ዓመታት ክፍት ሆነው ቆይተዋል። ነገር ግን ሁለት ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ በመሐሉም ሳምንታት መጠበቅ አለ። እግሩ ደም አጥቶ ለመጣ ሰው ይህ ጊዜ የለም።

የቀዳዳ ስፋትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የበዲ ራትነር ቡድን በ2010 እንዳሳየው ቀዳዳዎቹ ከ30 እስከ 40 ማይክሮ ሜትር ሲሆኑ፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት ሲያንሱ፣ በመደገፊያው ውስጥ ብዙ ትንንሽ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ዙሪያውን የሚከበው ጠባሳም ይቀንሳል። ባዕድ ነገርን የሚውጡት ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳትም ከማጥቃት ይልቅ ወደ መጠገን ያዘነብላሉ።

ከቅርብ የደም ሥር ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ሜትር የራቀ ሕዋስ ኦክስጅን እንደሚያጥረው ያውቁ ኖሯል? ወፍራም የልብ ጡንቻ በላቦራቶሪ ማሳደግ ያስቸገረው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

የደም ፍሰትም ለሕዋስ ትእዛዝ ነው። ቀጥ ባለ የደም ቅዳ ውስጥ ኢንዶቴልየም በፍሰቱ አቅጣጫ ረዝሞ ይተኛል። ሥሩ በሚከፈልበትና ፍሰቱ በሚታወክበት ቦታ ግን ሕዋሳቱ አቅጣጫ ያጣሉ፤ ስብም ቀድሞ የሚጠራቀመው እዚያው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ላውራ ኒክላሰንና ባልደረቦቿ በ1999 የደም ቅዳ በላቦራቶሪ ያሳደጉት እየመቱት ነው። በሰውነት ውስጥ ሊሟሟ በሚችል ፖሊግላይኮሊክ አሲድ በተባለ የክር መረብ ላይ ለስላሳ የጡንቻ ሕዋሳትን ዘሩ፤ በውስጡም በደቂቃ 165 ጊዜ እየገፋ የሚለቅ ፈሳሽ ለስምንት ሳምንታት አሳለፉ። የጽንስ ልብ ምት ወደዚህ ይጠጋል። የተመታው ሥር ካልተመታው ይልቅ በረታ፣ ኮላጅን የተባለው አጠንካሪ ፕሮቲኑም በዛ።

ከዚህ ሥራ የተወለደው ምርት ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አገኘ፤ ለተጎዱ የእጅና የእግር ደም ቅዳዎች። ሕዋሳቱ ሥሩን ሠርተው ሲያበቁ ታጥበው ይወጣሉ፤ የሚቀረው የሠሩት ፕሮቲን ብቻ ስለሆነ ለማንኛውም ሰው ሊተከልና ሳይበላሽ ሊቀመጥ ይችላል። በዩክሬን ጦርነት ለቆሰሉ ሰዎችም ተተክሏል። ከተተከለ በኋላ የተቀባዩ የራሱ ሕዋሳት ገብተው ይሰፍሩበታል። ሥሩ ሊፈርስ ወይም ስፌቱ ሊለቅ ስለሚችል ግን ፈቃዱ ከከባድ ማስጠንቀቂያ ጋር ነው የተሰጠው።

በቶኪዮ ቶሺሃሩ ሺንኦካና ባልደረቦቹ በ1999 አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ላይ ያደረጉት ሌላ ነው። ከእግሯ ትንሽ የደም ሥር ወሰዱ፤ ሕዋሳቱን አራብተው ቀስ እያለ በሚሟሟ ፖሊመር ላይ ዘሩ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ሳንባ በሚሄደው በተደፈነው የደም ሥሯ ቦታ ተከሉት። ከሰባት ወራት በኋላ ልጅቷ ደህና ነበረች። ፖሊመሩ ሟሙቶ የራሷ አካል ይቀራል ተብሎ የታሰበው ልጅ ስለምታድግ ነው፤ ዳክሮን አያድግም።

ከዚያ አስገራሚው ነገር መጣ። በአሜሪካ የክሪስቶፈር ብሩየር ቡድን ሺንኦካን ጨምሮ በአይጦች ላይ ሲከታተል የተዘሩት ሕዋሳት በቀናት ውስጥ ጠፉ። የደም ሥሩን የሠሩት እነሱ አልነበሩም። በ2010 እንደተረዱት የተዘሩት ሕዋሳት የሚለቁት ኬሚካላዊ ጥሪ ሞኖሳይት የሚባሉ የደም ሕዋሳትን ይስባል፤ እነሱም አጠገብ ካለው ጤነኛ የደም ሥር ሌሎች ሕዋሳት እንዲመጡ መንገድ ይከፍታሉ። ሕዋስ ሳይዘሩ ጥሪውን ብቻ ቀስ እያለ የሚለቅ መደገፊያ ሲሠሩም ተመሳሳይ ውጤት አገኙ።

በአሜሪካ በሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ግን የተተከሉት ሥሮች በጊዜ ሲጠቡ ታዩ። ቡድኑ በኮምፒውተር ሞዴል ጥበቱ በብግነት ሳቢያ የሚመጣና በራሱ የሚመለስ እንደሆነ ተነበየ፤ በበጎች ላይ ሲታይም በስድስተኛው ሳምንት የጠበበው በስድስተኛው ወር ተከፍቶ ተገኘ። ይህ በ2020 ታተመ። በፍጥነት ፊኛ አስገብቶ ማስፋት ወይስ መታገሥ የሚለው ውሳኔ በሕዋሳት የጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደሚንጠለጠል ያየሁት እዚህ ነው።

የሚያሳዝነውንም መናገር ይገባል። በ2003 የቪየና ሐኪሞች ከአሳማ ተወስዶ ሕዋሳቱ የታጠቡለት የልብ ቫልቭ የተተከለላቸውን የአራት ወንዶች ልጆች ታሪክ አሳተሙ። ሦስቱ ሞቱ፤ የአራተኛው ቫልቭ ሳይበላሽ ቀድሞ ወጣለት። ቫልቮቹ ሲመረመሩ የልጆቹ ሕዋሳት ገብተው አልሰፈሩባቸውም፤ ያጋጠማቸው ከባድ ብግነት ነው። ገና ያልተተከሉ ናሙናዎች ሲታዩም እጥበቱ የተሟላ አልነበረም፤ የአሳማ ሕዋስ ቅሪት ነበረባቸው። ባዶ ነው የተባለው መደገፊያ ለመከላከያ ሕዋሳት ባዶ አልነበረም። ከእነዚህ ልጆች በኋላ ይህን ዘርፍ በጥድፊያ ወደ ሰው ማሻገር የሚደፍር ሁሉ ስማቸው ባይነገርም ታሪካቸውን ማወቅ አለበት።

በአንጻሩ የጀርመኗ ሃኖቨርና የሞልዶቫዋ ኪሺናው ሐኪሞች በ2002 ከሰው የተለገሰ፣ ታጥቦ በልጆቹ በራሳቸው ሕዋስ የተለበሰ ቫልቭ ለሁለት ልጆች ተክለው ቫልቮቹ በደህና ሲሠሩ ቆይተዋል።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው ሪውማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ያጠቃል። ሜካኒካል ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድና ደሙን በየጊዜው መመርመር አለበት፤ መድኃኒቱ ዋርፋሪን ደግሞ ለጽንስ አደገኛ በመሆኑ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ወጣት ሴት ከባድ ምርጫ ውስጥ ትገባለች። ከከብት የልብ ሽፋን የሚሠራው ቫልቭ ይህን መድኃኒት በአብዛኛው ባይጠይቅም ግሉታራልዴይድ በተባለ ኬሚካል የታከመ ስለሆነ ሕያው ሕዋስ አይኖርበትም፤ በወጣት ሰውነት ውስጥ ደግሞ ካልሲየም ቶሎ ይጋገርበታል። ሕዋስ የሚገባበትና የሚያድስ ቫልቭ ቢገኝ ከማንም በፊት የሚጠቅመው እንዲህ ላሉት ነው።

የሚያድግ የደም ሥር በግልገሎች ላይ እንደታየ ያውቁ ኖሯል? በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ትራንክዊሎ ቡድን የበግ የቆዳ ሕዋሳትን ፋይብሪን በተባለ የደም መርጊያ ፕሮቲን ውስጥ አሳደገ፤ ቱቦ ከሠሩ በኋላ ሕዋሳቱን አጥቦ በሦስት ግልገሎች ላይ ተከለ። በ2016 በታተመው ውጤት ግልገሎቹ ሲያድጉ የሥሩ ስፋት 56 በመቶ ጨምሯል። የበጎቹ ሕዋሳት ገብተው አዲስ ኮላጅን ሠርተውበት ነበር።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሃራልድ ኦትና ዶሪስ ቴይለር በ2008 የአይጥን ሙሉ ልብ በሳሙና መሰል ኬሚካል አጥበው ነጭ የፕሮቲን ቅርፊት አስቀሩ፤ አዲስ በተወለዱ አይጦች የልብ ሕዋሳት ዳግም አሰፈሩት። በስምንተኛው ቀን የገፋው ከአንድ ጎልማሳ አይጥ ልብ አቅም 2 በመቶ ያህሉን ነው። ትንሽ ነው። ግን መታ።

የወስተር ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች በ2017 ደግሞ የስፒናች ቅጠልን በተመሳሳይ መንገድ አጥበው በቅጠሉ ሥሮች ውስጥ የሰው ኢንዶቴልየም፣ በገጹ ላይ የሰው ልብ ጡንቻ ሕዋሳትን አሳረፉ። ሕዋሳቱ እስከ 21 ቀን ተኮማትረዋል።

የመጨረሻው ከጀርመኗ ጎቲንገን ነው። የቮልፍራም ሂዩበርቱስ ዚመርማን ቡድን ከግንደ ሕዋስ የተገኙ የልብ ጡንቻና የተያያዥ አካል ሕዋሳትን ከኮላጅን ጋር ቀላቅሎ የሚኮማተር ጡንቻ ይሠራል። ጡንቻው ካልተወጠረ አይበስልም፤ የጡንቻ ሕዋስ ብቻውን ቢሆንም ጥሩ አካል አይወጣውም። በጥር 2025 በታተመው ጥናት መሠረት ጡንቻው በጦጣዎች ላይ ከታየ በኋላ የልብ ንቅለ ተከላ ትጠብቅ ለነበረች የ46 ዓመት ሴት ልቧ ላይ ተለጥፎላት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ አዲስ ልብ ስታገኝ የወጣው የራሷ ልብ ተመረመረ። የተለጠፈው ጡንቻ በሕይወት ነበር፤ የራሷ የደም ሥሮችም ገብተውበታል። ሕዋሳቱ የሌላ ሰው ስለሆኑ ግን ይህ ሕክምና ሰውነት እንዳያጠቃቸው የመከላከል አቅምን የሚገታ መድኃኒት መውሰድን ይጠይቃል።